በፍሬን ቆዳ ላይ የሰፋኋት ቀዳዳ

ከሰኔ ወዲህ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቢቸና ገበያ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ መቀስና አንድ መስታወት አለኝ። ደንበኞቼ ጨርቅ ሲያቀብሉኝ ዓይናቸው ጣቶቼ ላይ ይቀራል። ጥፍሮቼ ሥር የገባው ጥቁር ነገር በሳሙናም በሎሚም አልለቀቀም። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ነጩን ቀሚሴን በዚህ እጅ ልትነኪው ነው?» አሉኝ። ዘጠኝ ዓመት የመኪና ፍሬን ስሠራ ነበር ብል የሚያምኑኝ አልመሰለኝም። «ታጥቤያለሁ እማማ» ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

ዕድሜዬ ሃያ አምስት ነው። ለጡረታ ገና ነኝ፤ ሥራዬ ግን ቀድሞኝ ጡረታ ወጣ። አሁን የሚመጡት ትልልቅ መኪኖች ፍሬናቸው የሚሠራው በታመቀ አየር ነው። የሚበላሽባቸው ዕቃም በካርቶን ታሽጎ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይመጣል። እኔ ለፍሬን የምፍቀውን ቆዳ የሚፈልግ ጠፋ፤ ጋራዣችንም ግንቦት ላይ ተዘጋ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ቢሆንም ሳልረሳው የማውቀውን ልጻፍ ብያለሁ።

ወደ ሥራው የገባሁት በአባቴ በኩል ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ብራና ፍቀው መጽሐፍ ይጽፋሉ። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ቆዳውን ስወጥርና ስፍቅ ያደግሁት እኔ ነኝ። ክረምት ነበር። መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ ሳለ አቶ ተሰማ የሚባሉ ሰው ወደ ግቢያችን ገቡ። የቢቸና ተወላጅ ናቸው፤ በልጅነታቸው ከአገር ወጥተው ከሃያ ዓመት በላይ ድሬዳዋ ባቡር ጋራዥ ውስጥ፣ ፍሬን ክፍል ሠርተዋል። በእንፋሎት የሚሄዱት ባቡሮች ቀርተው በናፍጣ የሚሄዱት ሲተኩ ጡረታቸውን ይዘው ተመለሱና አገራቸው ላይ በቆርቆሮ ጋራዥ ሠሩ። ባርኔጣቸው ላይ ሁልጊዜ አንድ ነጭ የዶሮ ላባ ይሰካሉ። ሰው በዚያ ላባ ይስቅባቸው ነበር።

«መሪጌታ፣ ቆዳ ፈልጌ ነበር» አሉ።

«መጽሐፍ ሊያስጽፉ ነው?»

«ለመኪና ነው።»

አባቴ ሳቁ። «ብራና ለዳዊት ነው አያ ተሰማ። ለመኪና ሆድ ማን ይሰጣል?»

«መኪናውስ የሚጭነው ዳዊት ደጋሚውን አይደለም እንዴ? ደግሞ ብራናውን አልፈልገውም፤ ደረቅ ነው፣ ይሰነጠቃል። የምፈልገው እጁን ነው። የለፋ የፍየል ቆዳ ከገበያ ገዝቻለሁ። ከዳር እስከ ዳር ውፍረቱን አንድ አድርጎ የሚፍቅልኝ እጅ ነው ያጣሁት።»

አባቴ ከበሩ ኋላ ወደ ቆምኩት ወደ እኔ ጠቆሙ። «እጁ ያውልዎት። አንደበት ግን አይጠብቁባት።»

በማግስቱ ሥራ ጀመርኩ። ደመወዜ በወር ትንሽ ብርና አንድ ቁና ጤፍ ነበር።

ጋሽ ተሰማ ሥራ የሚያስተምሩት ቀድመው ምክንያቱን ነግረው ነው። የመጀመሪያው ቀን መፋቂያ አላስያዙኝም። ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝና፣ «ዋግምት ሲደረግ አይተሻል?» አሉኝ። ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኩ። «ቀንዱ ጀርባ ላይ የሚጣበቀው በምንድን ነው? በሙጫ ነው?» አይደለም አልኩ፣ አሁንም ራሴን ነቅንቄ። «ባለዋግምቱ በውስጡ ያለውን አየር መጥጦ አወጣ። ውስጡ ባዶ ሆነ። ውጭ ያለው አየር ግን እንዳለ ነው፤ ቀንዱን ወደ ሰውነትሽ ይገፋዋል። አየር ከግራም ከቀኝም እኩል ስለሚገፋን ነው የሌለ የሚመስለን። በአንድ በኩል ብታጎድይበት ጉልበቱን ታያለሽ።»

ከዚያ የባቡሩን ነገሩኝ። ባቡር ዓይቼ አላውቅም፤ ዛሬም አላየሁም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ባቡር በራሴ ውስጥ ይሄዳል። ከፊት ሆኖ ፉርጎዎቹን የሚጎትተው ባቡር በጠባብ አፍ እንፋሎት ይተነፍሳል። ያ እንፋሎት ሲሮጥ በፉርጎዎቹ ሁሉ ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ከተዘረጋው ቱቦ ውስጥ አየሩን እየጎተተ ያወጣዋል። በየፉርጎው ሥር አንድ የብረት በርሜል ተንጠልጥሏል፤ በውስጡ ከባድ ክዳን የመሰለ ነገር ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። ከክዳኑ በላይም በታችም አየር ከሌለ ክዳኑ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል፤ ጎማዎቹም ነፃ ናቸው። ነጂው ባቡሩን ማቆም ሲፈልግ መዘውሩን ከፍቶ አየር ወደ ቱቦው ያስገባል። አየሩ ከክዳኑ በታች ይገባል፤ ወደ ላይኛው ወገን እንዳያልፍ ግን አንዲት ኳስ መንገዱን ትዘጋበታለች። ከላይ ባዶ፣ ከታች አየር። ክዳኑ ወደ ላይ ይገፋል፣ ዘንጉን ይስባል፣ ዘንጉም የብረት ጫማውን ጎማው ላይ ያጣብቀዋል።

«አሁን ጠይቂኝ» አሉ ጋሽ ተሰማ። አልጠየቅሁም። ራሳቸው ጠየቁልኝ። «ቱቦው ቢበጠስስ? መጨረሻው ፉርጎ ተቆርጦ ቁልቁል ቢንሸራተትስ? አየር በተበጠሰው በኩል ይገባል፤ ጎማው ሁሉ ይያዛል። ማንም ሳይነካው ይቆማል። የባቡር ፍሬን ሲጎዳ ይቆማል፤ ጉዳቱን አይደብቅም። የመኪናው ግን ተቃራኒው ነው።»

የመኪናውን በየቀኑ እነካው ስለነበር በደንብ አውቀዋለሁ። የዚያን ጊዜ የጭነት መኪኖች ከሆዳቸው ሥር ሁለት ሳህን ገጥመው በቡሎን ያሰሩት የሚመስል ብረት ነበራቸው፤ እኛ ድስት እንለዋለን። ድስቱን መሀል ለመሀል አንድ ቆዳ ወይም ጎማ ለሁለት ይከፍለዋል። ሞተሩ ሲዞር ከአንደኛው ወገን አየሩን ይመጥጣል። ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ በሌላው ወገን አየር ገብቶ ቆዳውን ይገፋዋል፤ ቆዳው የሹፌሩን እግር ያግዛል። ጭነት የሞላ መኪና በሰው እግር ብቻ አይቆምም። ቆዳው ከተቀደደ እገዛው ይቀራል፤ መርገጫውም ድንጋይ ይሆናል። ሹፌሩ ይህን የሚያውቀው ቁልቁለቱ መሀል ከገባ በኋላ ነው።

የላባው ነገር የገባኝም ያኔ ነው። ጋሽ ተሰማ ሞተሩን አስነስተው ላባውን ከባርኔጣቸው ይነቅሉና በየመጋጠሚያው ዙሪያ ቀስ ብለው ያዞሩታል። የላባው ፀጉር ወደ ብረቱ ጎንበስ ካለ እዚያ አየር እየተሰረቀ ነው ማለት ነው። ባቡር ቤት ሳሉ ይህን የሚሠሩት በጧፍ ነበር። ቤንዚን ያለበት ግን ጧፍ አይቀርብም ብለው ወደ ላባ ዞሩ። ላባው ዝም እስካላለ ምሳ አይበሉም። ሹፌሮች ሲቸኩሉ፣ «እኔን ተውኝ፤ ዶሮዋን ጠይቋት» ይሏቸዋል።

የእኔ ሥራ ቆዳው ነበር። ቆዳውን በእንጨት እወጥረዋለሁ፣ እፍቀዋለሁ፣ ወደ ፀሐይ አንስቼ ውፍረቱ አንድ መሆኑን በብርሃኑ አያለሁ። ከዚያ በድስቱ ልክ ቆርጬ ጉሎ ዘይት ውስጥ ሦስት ቀን እነክረዋለሁ። በጋ ላይ እህል ሲበዛ ጋራዡን ይዘን ሞጣ እንወርድ ነበር። ኪያቤዎቹን፣ የቡሎን መፍቻዎቹን፣ በበቅሎ ጭነን፣ በአንድ ነጋዴ መጋዘን ጥግ ላይ ሁለት ሦስት ወር እንሠራለን። የመጋዘኑ ባለቤት አውራ ጣቴን እያዩ፣ «ይህችን ልጅ ማን ያገባታል? ዘይት ዘይት ትሸታለች» ይላሉ። ጋሽ ተሰማም፣ «የሚያገባት ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ነው» ብለው ይመልሱላቸው ነበር። እኔ በቆዳው ፊቴን እሸፍናለሁ። በሞጣዋ ፀሐይ ቆዳ ከፍ አድርጌ ብርሃኑን ያየሁባቸውን ሰዓታት ዛሬም በህልሜ አያቸዋለሁ።

አሁን ወደማልወደው ልምጣ።

አራተኛው ዓመቴ ላይ፣ ቢቸና ሳለን፣ የአንድ ነጋዴ የጭነት መኪና የድስቱ ቆዳ ተቀዶ መጣ። ሹፌሩ ይስማው ይባላል። ቀልደኛ ሰው ነው፤ ሲመጣ ሁልጊዜ፣ «ደህና ነሽ ወይ ዝምታ?» ይለኛል፤ እኔም ሁልጊዜ አልመልስም። ነጋዴው ለሞጣ ገበያ መድረስ አለብኝ እያለ ደጅ ላይ ይጮሃል። ዘይት የጠጣ አንድ ቆዳ ብቻ ነበረን። ዘይቱ ያሳበጠውን ለማስተካከል የመጨረሻውን ፍቅፋቂ ሳነሳ እጄ ተንሸራተተ። ወደ ፀሐይ ባነሳው የጤፍ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አየሁ።

ብራና ቢሆን ኖሮ ይህ ጥፋት አይባልም። ብራና ሲበሳ ዳሩን ሰብስበን በጅማት እንሰፋዋለን፤ ጸሐፊውም በስፌቱ ዙሪያ ዞሮ ይጽፋል። አባቴ የተሰፋ ብራና አይናቅም ይላሉ። አንዳንዱ አንባቢ እንዲያውም ስፌቱን በጣቱ ይዳብሰዋል፣ ይወደዋል። እጄ ያደገበትን ሠራ። በጅማት አጥብቄ ሰፋሁት፣ በሰም ደፈንኩት፣ በጥፍሬ አለሰለስኩት። ያማረ ስፌት ነበር። ለጋሽ ተሰማ መናገር እንዳለብኝ አውቅ ነበር። ነገር ግን ነጋዴው ይጮሃል፣ ሰው ቆሟል፤ «ቆዳውን አበላሸሁት» ሳልል አቀበልኳቸው። ድስቱ ተገጠመ። ሞተሩ ተነሣ። ላባው በየመጋጠሚያው ዞረ፤ ዝም አለ። ይስማው ሦስት ጊዜ ረግጦ፣ «ቅቤ ነው!» አለ። ለራሴ፣ ይኸው ያዘ፣ አልኩ።

ሰም ግን ሞተር ሥር አይኖርም። ከደብረ ወርቅ አልፎ ያለው ቁልቁለት ላይ ሲደርሱ ሙቀቱ አቀለጠው። ይስማው ሲረግጥ ድንጋይ ሆነበት። ማርሽ ቀንሶ፣ መኪናውን ወደ ገደል ሳይሆን ወደ ተራራው ወገን መርቶ ከአፈሩ ጋር አጋጨው። ከጭነቱ ላይ ተሳፍረው የነበሩት ሰዎች በእህሉ ላይ ተንከባልለው ተረፉ። የእሱ ግራ እግር ግን ብረት ውስጥ ተያዘ።

መኪናው ተጎትቶ ግቢያችን ውስጥ ቆመ። ይስማው እግሩ በእንጨት ታስሮ ክሊኒክ ተኛ፤ በሩ ላይ ፖሊስ ተቀመጠ። ነጋዴው ይስማውን፣ ደብረ ወርቅ ላይ ጠጥቶ ነው ብሎ ከሶታልና። ይስማው ፍሬኑ ደነደነብኝ ይላል፤ የሚያምነው የለም። ነገሩ በሽማግሌ ተያዘ። ሽማግሌዎቹም ተሰማ ሐሰት አይናገርም፤ ሠርቶ የላከው ፍሬን ደህና ከነበረ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይማል አሉ። እሳቸው ከማሉ ይስማው ወኅኒ ይወርዳል፤ መንጃ ፈቃዱም ይነጠቃል።

ጋሽ ተሰማ ድስቱን አልከፈቱትም። «ዳኝነት ያለበት ዕቃ አይነካም» አሉ። ደግሞም መክፈት አላስፈለጋቸውም። ላባው ዝም ሲል በዓይናቸው አይተዋል።

እሑድ ጠዋት ሰው ሁሉ ቅዳሴ ሳለ ብቻዬን ጋራዡ ገባሁ። መኪናው ሥር ተኝቼ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታሁ። ቆዳው ወጣ። ሰሙ የለም፤ ጅማቱ ላልቷል፤ ቀዳዳው በስፌቱ መሀል አፉን ከፍቷል። መደርደሪያው ላይ በዚያ ሳምንት የፋቅሁት አዲስ ቆዳ ነበር፤ ልኩ ያው ነው። አሮጌውን እሳት ውስጥ ጥዬ አዲሱን ብገጥመው ማንም አያውቅም። ይህን አላሰብኩም ብል እዋሻለሁ። አዲሱን ቆዳ በእጄ አንስቼዋለሁ። መልሼ ያስቀመጥኩት ጋሽ ተሰማ በማያውቁት ነገር ሊምሉ መሆኑን ሳስብ ነው። የሐሰት መሐላ እሳቸውን አርባ ቀን አያኖራቸውም የሚል ፍርሃት ያዘኝ። ከይስማው እግር ይልቅ ይህ ቀድሞ ስለታየኝ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ቆዳውን በነጠላዬ ጠቅልዬ ሮጥኩ። ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ጥዱ ሥር ተቀምጠዋል። አባቴም መሀላቸው ናቸው። ይስማው በቃሬዛ ላይ ነው። ጋሽ ተሰማ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል፤ እጃቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አንስተው፣ «ሠርቼ የላክሁት ፍሬን...» ብለው ጀምረዋል።

በወንዶቹ መሀል አልፌ ሄድኩ።  ቆዳውን በጋሽ ተሰማ እጅ ላይ አስቀመጥኩ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ነጋዴው።

 ጋሽ ተሰማ እኔ እንደማደርገው ቆዳውን ወደ ፀሐይ አነሡ። በቀዳዳው በኩል አንዲት የብርሃን ነጥብ ወርዳ ጉንጫቸው ላይ አረፈች። ሁሉም አየ። አባቴ ተነሥተው ቀረቡ፤ ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይህ ስፌት ከእኔ ቤት የወጣ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «የእኔ ነው በሉት።»

ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ሊወስዱ መሆኑ ያኔ ገባኝ። አፌን የከፈተው እሱ ነው።

«አባባ አልሰፉትም። እኔ ነኝ። የበሳሁትም እኔ ነኝ፣ የሰፋሁትም እኔ ነኝ፣ የደበቅሁትም እኔ ነኝ። ጋሼ አያውቁም። ይስማውም አልጠጣም።»

 ከቃሬዛው ላይ የይስማው ድምፅ መጣ። «ድንጋይ ሆነብኝ አላልኳችሁም? አላልኳችሁም ወይ?» ካለ በኋላ አንገቱን ወደ እኔ ቀና አድርጎ፣ «ኧረ ልጅቱ ትናገራለች እንዴ! ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላም ስላት ድዳ መስላኝ ነበር» አለ። ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ፤ ወዲያው ግን ፊቱን በጋቢው ሸፈነ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ሽማግሌዎቹ ይስማውን ነፃ አወጡት። ጋሽ ተሰማ መኪናውን ያለ ዋጋ እንዲያድሱ፣ አባቴና እኔ ደግሞ ይስማውን እንድንክስ ፈረዱ። ነጋዴው ቂሙን አልተወም፤ የጓደኞቹን መኪኖች ሁሉ ከእኛ አስሸሸ። ቢቸና ላይ ሥራ ስለጠፋ ዓመቱን ሙሉ ሞጣ ከረምን።

ጋሽ ተሰማ አላባረሩኝም። ግን ሰባት ቀን አላናገሩኝም። በስምንተኛው ቀን፣ የሞጣን መንገድ ከበቅሎዋ ኋላ በእግር ስንሄድ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ ጠየቁኝ።

«የባቡሩ ቱቦ ሲበጠስ ምን ይሆናል?»

«ይቆማል ጋሼ።»

«ተሳፋሪው ይራገማል፤ በረሃ ላይ ቆሞ፣ ፀሐይ እያቃጠለው። ነጂው ግን አይራገምም። ለምን?»

«መጎዳቱን ስላወቀ።»

«እ» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር አንሥተው አያውቁም።

አንድ ልማድ ግን ጨመሩ። ሞጣ መጋዘን ግድግዳ ላይ አንድ ሚስማር መቱ፤ የተሰፋውን ቆዳ እዚያ ሰቀሉት። ከዚያ በኋላ ባበላሸሁ ቁጥር፣ «ጋሼ፣ ተበሳ» ብዬ ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤ ቆዳውም ይሰቀላል። መጀመሪያ ላይ ድምፄ አይወጣም ነበር። «አልሰማሁም» ይሉኛል፤ እደግመዋለሁ። ሹፌሮች ቆዳዎቹን እያዩ ሲደነግጡ ጋሽ ተሰማ፣ «አዎ፣ ይህን ሁሉ አበላሽታለች። መኪናህ ውስጥ የገባው ግን እዚህ ያልተሰቀለው ነው» ይሏቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ በእኔ ቆዳ የተጎዳ ሰው የለም።

በግንቦት ጋራዡን ስንዘጋ ዓይናቸው ደክሞ ነበር። ኪያቤዎቹን ለሌላ ሰጡ። ላባውን ከባርኔጣቸው ነቅለው ለእኔ ሰጡኝ። አሁን ስፌት መኪናዬ ላይ ሰክቼዋለሁ፤ ንፋስ ሲገባ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሚስማሩ ላይ የነበሩትን ቆዳዎች ሲያቃጥሉ የመጀመሪያውን፣ የተሰፋውን፣ ለመንኳቸው። እሱም ከእኔ ጋር ነው።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሰው ዘንግ ይዞ እያነከሰ ወደ ሱቄ ገባ። «ደህና ነሽ ወይ ዝምታ?» አለ። ይስማው ነው። አሁን መኪና አይነዳም፤ የአውቶቡስ ትኬት ይቆርጣል። አዲስ ካኪ ሱሪ በእጁ ይዟል።

«ደህና ነኝ» አልኩት።

«አቤት! መለሰች!» ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ይህን አሳጥሪልኝ። ሁሉም ልብስ ሰፊ ሁለቱን እግር እኩል አድርጎ ይቆርጠዋል፤ ግራውን እየረገጥኩ እወድቃለሁ።»

ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና መቀሱን አነሣሁ። የግራውን እግር ከቀኙ ሁለት ጣት አሳጥሬ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ።

«አትለኪኝም እንዴ?» አለኝ።

«አውቀዋለሁ» አልኩት።